የሁለቱ በርሜሎች ታርጋ

ፈንታሁን የሞተው ሞተር ሊያስነሣ ሲል ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሦስተኛው ክረምት ጋፋት ላይ ለመንገድ ጠጠር የሚፈጭ መኪና ተተክሎ ነበር፤ ሠራተኛውም እሱ ነበር። ጠዋት እንደ ልማዱ የሞተሩን ራስ የሚያሞቅበትን ፋኖስ ከላምባው በርሜል ሞልቶ ለኮሰ። የቀዳው ግን ቤንዚን ነበር። ሰው ደርሶ እሳቱን በጭቃ ሲያጠፋ እሱ አልቆ ነበር።

የሁለቱ በርሜሎች ታርጋ ተለዋውጦ ተገኘ። የጣሊያኑ አዛዥ ካፒታኖው አማርኛ ለምዷልና ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው።

«ታርጋ የሚሰቅለው ሙሳ ነው። በገበያው ቀን ይሰቀላል። ሌላ ገዳይ ካላችሁ እስከዚያ አምጡ።»

አገሩ አውጫጭኝ ሊቀመጥ ተስማማ፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም የማይነሣበት ሸንጎ ነው። እንዲመራው የተመረጠው ሽማግሌው ነገረ ፈጅ አስረስ ነበር። እሱ ደግሞ ሳያይ የማይናገር፥ በዚህም ብዙ ሰው የሚያናድድ ሰው ነው።

መጀመሪያ የሄደው ወደ በርሜሎቹ ነበር። የዚያ ግቢ ታርጋ ታሪኩ ረጅም ነው። ቀለም ቢቀቡ ዝናቡ አጠበው፤ ወረቀት ቢለጥፉ ሟሟ፤ ቆርቆሮ ቢሰቅሉ ዛገ። በመጨረሻ ብረት ሠሪው ሙሳ ናስ ቆርጦ ሠራ። የጣሊያን ፊደል ለማያነበው ለፈንታሁን ብሎ የላምባውን ክብ፥ የቤንዚኑን አራት ማዕዘን አደረገው፤ ግቢው ሁሉ ነዳጅ ነዳጅ ስለሚል አፍንጫ ሳይሆን እጅ ነበር የሚለየው። ማንጠልጠያ ሽቦው እንዳይዝግም ቅባት ይቀባዋል።

አስረስ የየበርሜሉን ሽቦ በጣቱ እያሸ አሸተተ። ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ።

«ልጄ፥ ባልሽና ሙሳ ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ወዳጅ መስሎ ገደለብኝ እንጂ መች ተጣሉ፥ አባቴ!» አለች ፈንታነሽ። «ፍልሰታ ሲገባ ፈንታሁን ‹የሽቦው ሞራ ከእጄ አይለቅም፥ በጾም እንዴት ልብላበት?› ቢለው፥ በነጋታው ሁሉንም ጠርጎ የኑግ ዘይት ቀባለት። ሠፈሩ ‹ሙሳም ጾም ያዘ› እያለ ሲስቅ ሰነበተ። እንዲህ አባብሎ ነው የበላኝ!»

ሙሳ እስር ቤት እጁ የፊጥኝ ታስሮ ነበር። አስረስ ስለ ሽቦው ቅባት ጠየቀው።

«ከጾሙ ወዲህ ሞራ አልነካሁም» አለ። «አያ አስረስ፥ ልጆቼን አደራ።»

አስረስ ወጥቶ ወደ ግቢው ዘበኛ አመራ። እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም።

ዘበኛው እሸቴ ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም።

«ጎህ ሳይቀድ ወደ ግቢው ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ሙሳ ሽቦውን ምን ይቀባል?»

«ኑግ ነዋ! ይህን የማያውቅ አለ?»

ካቦው ወርቁ ግን ከጾሙ መግቢያ በፊት ለዕቃ ይፋግ ወርዶ፥ አደጋው በደረሰ ዕለት ረፋዱ ላይ የተመለሰ ነው።

«ሙሳ ሽቦውን ምን ይቀባል?»

«ሞራ ነዋ! ሁልጊዜም ሞራ ነው። ምን ይጠይቁኛል?»

«ደግ፥ ተባረክ» አለው አስረስ።

በማግስቱ ሠፈርተኛው በሙሉ ከመኪናው አጠገብ ተቀመጠ። ካፒታኖው ወንበር አስመጣ። አስረስ ቆመ።

«ፈንታሁን በዋዜማው ከዚያው በርሜል ቀድቶ ሞተሩን በደህና አስነሥቷል። ስለዚህ ታርጋው የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። የግቢውን ሽቦ ሁሉ አሽቻለሁ፤ ኑግ ነው። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ሞራ ተቀብተዋል። ሙሳ ቢሆን የያዘውን ኑግ በቀባ ነበር። የቀባው፥ ‹ሙሳ ነው› እንዲባል የፈለገ ሰው ነው። ይህ ሰው የሙሳን የድሮ ልማድ ያውቃል፤ አዲሱን አያውቅም። እዚህ የጾመው ሁሉ አዲሱን ያውቃል፤ ስቆበታልና። ያኔ ያልነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ወርቁ ዞረ።

«እኔ ይፋግ ነበርኩ!»

«አልነበርክም» አለ እሸቴ። ተነሥቶ ነበር። «ጎህ ሳይቀድ በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። የካምፑን የይለፍ ወረቀት አሳየኸኝ፥ ፈራሁህ። ለአርበኛ ስንቅ የሚያቀብለውን ሰው እየጠቆምክ የምታሰቅል አንተ መሆንህን ፈንታሁን ደርሶበት ነበር። ‹ጾሙ ሲፈታ ለአገር እናገራለሁ፥ ለራሱ ለወርቁም ነግሬዋለሁ› ብሎኛል። ዝም ማለቴ አንድ ሰው አስገደለ፤ ሁለተኛ አላስገድልም።»

ወርቁ ወደ ወንበሩ ሮጠ። «ጌታዬ፥ ይንገሩልኝ! የእርስዎ ሰው አይደለሁም ወይ?»

ከዚህ በኋላ ምስክር አላስፈለገም።

«ወደ ሥራችሁ!» አለ ካፒታኖው። ማንም አልተነሣም። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ፤ አሁንም ማንም አልተነሣም። ካፒታኖው የቆመውን መኪና አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ በመጨረሻ ወርቁን እንደ ተቀደደ ጫማ ተመለከተው።

«ሁሉ ያወቀው ጆሮ ጠቢ ምን ይሠራልኛል? እሰሩት። ያንን ፍቱት።»

አስረስ ደስ አላለውም። ካፒታኖው የፈረደው ለሟቹ ብሎ እንዳልሆነ ገብቶታል፤ ወርቁ ባይጋለጥ ኖሮ ነገም ሌላ ሰው ያሰቅል ነበር። ይህ እያንገበገበው ተቀመጠ።

ሙሳን አመጡት። ወታደሩ ገመዱን ሊቆርጥ ሲል ፈንታነሽ ቀደመችው። ገመዱ በዝናብ ርሶ ጠብቆ ነበርና በጥርሷ ጭምር ታገለችው።

«ረግሜሃለሁ፥ ሙሳ» አለች ቀና ሳትል።

«እኔም ብሆን እረግም ነበር።»

ገመዱ ወደቀ። ሙሳ የደነዘዘ እጁን እያሸ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ተመለከተ።

«ሲቀብሩት ታስሬ ነበር። የት ነው ያስተኛችሁት?»

ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቱ ሄደች።