አንድ ምት የሚዘል ልብ

ኔቬና መሣሪያዋን በሽማግሌው አንገት ላይ አጠለቀችለት። ምናልባት እሱ ነው። ምናልባት አይደለም።

«እግዜር ይስጥሽ» አላት።

የልብስ ቁልፍ የምታህል ገመድ አልባ መሣሪያ ናት፤ ቁጥሯ ጎልቶ ተጽፎባታል። የጎብኚውን የልብ ምት ታዳምጣለች፤ ግድግዳው ላይም የየቁጥሩ ብርሃን በዚያው ምት ይበራል። ንድፏም ሶፍትዌሯም ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። በኖቪ ሳድ ከተማ አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ የከተሙት አርቲስቶች መደበቅ አያውቁም።

ኔቬና ግን በመሀላቸው የገባች ሰላይ ናት፤ መደበቅ እንጀራዋ ነው። የምስጢር ስሟ «ጤዛ»። የምታሳድደው ሰው በጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ላይ ሊመሰክር ነው። ፊቱን በቀዶ ጥገና ቀይሯል። ልቡን ግን አልቻለም፤ በየመሀሉ አንድ ምት ይዘላል። ዛሬ የልጁ የቲያና ሥራ፣ ይህ የብርሃን ግድግዳ፣ ይመረቃል። አባት ከዚህ አይቀርም፤ አዲሱን ፊቱንም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ኔቬና ሶፍትዌሩ ውስጥ አንዲት መስመር ጨምራለች፦ ምት የሚዘል ልብ ከተገኘ፣ የመሣሪያው ቁጥር ውጭ ለቆመው የአለቃዋ መኪና ይተላለፍ።

ኦግኔን ከኋላዋ መጣ። እዚህ ቤት አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነብ ሶፍትዌሩ ውስጥ አይገባም። የእሷን የሚያነበው እሱ ነው።

«መስመርሽን አየኋት፣ አንቺ ሰነፍ!»

ኔቬና ወደ በሩ አየች።

«ልቡ የታመመ ካለ ለሐኪም ለመንገር ነው አይደል? ጎበዝ። ግን ስሌቱ ተሳስቶብሽ ነበር። አስተካክዬልሻለሁ። የቡሬክ ቂጣ ግብዣ አለብሽ!»

ወጥመዷን ጠገነላት።

ግድግዳው በራ። በራ። ጨለመ። በራ።

«አሥራ ሰባት» አለ ጆሮዋ ውስጥ የአለቃዋ የ«ቋጥኝ» ድምፅ።

«ሽማግሌው ነው። መከተል ብቻ ነው ብለኸኛል፣ ቋጥኝ።»

«ብዬ ነበር።»

ሽማግሌው ሲጋራ ሊያጨስ በጓሮ በር ወጣ።

ተኩስ አልተሰማም። ግድግዳው ላይ የአሥራ ሰባት ቁጥር ብርሃን ተጣደፈ።

ጠፋ።

ሕዝቡ የሥራው አካል መስሎት አጨበጨበ። ቲያናም ግራ እየገባት አጨበጨበች።

ከጓሮ ጩኸት መጣ።

ቲያና ከጓሮ ተመልሳ፣ እጇ በአባቷ ደም እንደተነከረ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፋች። ወደ ውጭ የተላከው ቁጥር ገና ስክሪኑ ላይ አለ። ቁጥሩን የላከችውን መስመር ከፈተች። ከመስመሯ ጎን የሚታየው የመጨረሻው አራሚ ስም ብቻ ነው።

«ኦግኔን! አባቴን አንተ ነህ የሸጥከው?»

«እኔ? እኔ እኮ ስህተት ነው ያረምኩት! ኔቬና፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ስሙ ተጽፎ የለም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

የመጀመሪያው ጠርሙስ የኦግኔን ግንባር ላይ ተሰበረ።

የመስመሯን ታሪክ ወደ ኋላ ቢገልጡት የእሷን ስም ያገኙታል። ለዚያ ግን ረጋ ያለ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ቤት ረጋ ያለው ኦግኔን ብቻ ነበር። እሱን መሬት ላይ ጥለው እየረገጡት ነው።

ኮቷን ደርባ ወጣች። ከዳኑብ ድልድይ ላይ ስልኳንም መታወቂያዋንም ወደ ወንዙ ለቀቀቻቸው። ፌርማታው ላይ የቆሙ አንዲት አሮጊት ጠየቋት።

«ፋብሪካው ጋ ምንድን ነው ጫጫታው?»

«ምረቃ ነው፣ እማማ።»

አውቶቡሱ መጣ። አሮጊቷን ደግፋ አሳፈረቻቸው፤ ራሷ ከኋላ ሄዳ ተቀመጠች።