የአለነ ምሳ ዕቃ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመኑ የእናንተ ፋንታ ነው።

ጎንደር፣ 1970 ዓ.ም.፣ የአስተርዮ ማርያም ማግስት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጨለማ ለምትጠብቁ ይቅርታ፤ ፀሐይ በሆስፒታሉ መስኮት ገብታ እግሬ ላይ አርፋ ነበር።

ባሌ አለነ ከታሰረ ወራት አልፈዋል። ለምን እንደታሰረ አልጠየቅኩም። በዚያ ዘመን ጥያቄው ራሱ ያሳስራል።

በየቀኑ ቁስቋም ካለው ቤቴ ስንቅ ይዤ ወርጄ እስር ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። መቀመጥ ክልክል ነው።

ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ሰውሽ አለ። ዘበኛው "ከነገ ጀምሮ አታምጪ" ካለሽ ግን... አለቀ። ሬሳ የለ፣ ለቅሶ የለ።

መቆሙ እግሬን ጨረሰው። ባቴ ላይ ደም ሥሮቼ እንደ ገመድ ተገታተሩ፣ ጠቆሩ። እኔ መቆም ካቃተኝ ደግሞ አለነ ይራባል። ሆስፒታል የሄድኩት ለዚህ ብቻ ነው።

"ቢላ የለም እህቴ" አለኝ ዶክተር ክንዱ። "መርፌ ነው። የታመመውን ሥር ይዘጋዋል፤ ደሙ በሌላው ይሄዳል። ዛሬውኑ በእግርሽ ትመለሻለሽ።"

ማደንዘዣ ወጋኝ። ቀጥሎ መድኃኒቱን። ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ በፋሻ ጠፍሮ አሰረኝ።

"እስክመለስ እንዳትነሺ" ብሎ ወጣ።

እግሬን ቆነጠጥኩት። ምንም።

ያኔ ነው ከጎኔ ያለውን አልጋ ከጋረደው መጋረጃ ወዲያ ሰው የተነፈሰው...

ስገባ አይቼዋለሁ። ያ አልጋ ፍራሽ እንኳ አልነበረውም።

"ባንቺ..."

ስሜ ባንቺአየሁ ነው። "ባንቺ" የሚለኝ አለነ ብቻ ነው።

"አለነ? ፈቱህ?"

"ቀስ በይ። አትጩሂ።"

"ምነው ታዲያ ወደ እኔ አትመጣም?"

ከዚያ በጣም በቀስታ...

"ከነገ ጀምሮ አታምጪ።"

እግሬ አውጪኝ እንዳልል እግሬ ደንዝዟል። ተንጠራርቼ መጋረጃውን ሳብኩት።

ባዶ የሽቦ አልጋ። ሽቦው ግን ሰው እንደተኛበት መሃሉ ረግቧል... እያየሁት ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ።

ለዶክተሩ አልነገርኩትም። አላለቀስኩም። ማደንዘዣው እግሬ ላይ ብቻ የቀረ አይመስለኝም።

ከዚያው፣ ጠዋት ከቤት ይዤው የወጣሁትን የአለነን ስንቅ ይዤ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው ተቀበለኝ። ቆይቶ ባዶውን መለሰልኝ።

"ነገስ ላምጣ?"

"ማን ከለከለሽ?"

አለ ማለት ነው! ያን ድምፅ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። የሚታመነው ዘበኛው እንጂ መጋረጃ አይደለም። እግሬም ዳነ። ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ቆምኩበት፤ ምሳ ዕቃው ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ቤቴ መጡ። አያ የሻው ይባላሉ፤ የማክሰኝት ሰው ናቸው። ከአለነ ጋር ታስረው ገና መፈታታቸው ነው። ግቡ ብላቸው እምቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

"አለነ ሸጋ ሰው ነበር" አሉኝ።

"ነበር?"

"በአስተርዮ ማርያም ማግስት ነው የወሰዱት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። በዚያው ቀረ።"

ምንም አልተሰማኝም። የጠየቅኩት ስለ ምግቡ ነው።

"ታዲያ ያን ሁሉ ስንቅ ዘበኞቹ በሉት?"

"የለም፣ ለእኛ ይሰጡናል።"

"እናንተ በላችሁት?"

"ኧረ በማርያም! የሞተ ሰው ስንቅ ማን ደፍሮ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከሚተኛበት ቦታ እናስቀምጥለታለን። ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን አባታችን ሆይ እንላለን። ስንዞር... ባዶ ነው።"

በነጋታው ወደ እስር ቤቱ አልወረድኩም።

ሽሮ ሠራሁ። በምሳ ዕቃው ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም፤ በሩንም ቆልፌዋለሁ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"አባታችን ሆይ..."

ከኋላዬ ክዳኑ ሲነሳ ሰማሁ።