ሰይዶን ማን ደበደበው?

ሰይዶ ጎህ ሲቀድ ጓሮው ውስጥ፣ እንሰቱ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። አልሞተም። ግን ብዙም አልቀረውም ነበር።

ሚስቱ ከድጄ ካፖርቱን ስትከፍት ጮኸች። ደረቱና ሆዱ በጠቆረ ቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ ይቃዣል።

«ሸምሶ... ተው አትምታኝ።»

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሸምሶ ታናሽ ወንድሙ ነው። በዋዜማው ስለ ጓሮ ወሰን ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ፖሊስ ሸምሶን ቁርሱን እንኳ ሳያስጨርስ ወሰደው።

ምርመራው ለሳጅን ማዕዶት ደረሰ። ከጎጃም ወደ ቡታጅራ ተመድባ የመጣች፣ ፈገግታዋን በወር አንዴ ብቻ የምታወጣ ሴት ናት። ካፖርቱን በማስረጃነት ያዘች።

ካፖርቱ ሰፈር ያወቀው ነው። አዲስ አበባ ሸቀጥ የሚያዞረው ልጁ ሙንታሲር ለአረፋ በዓል ሲመጣ በላስቲክ ጠቅልሎ ያመጣለት ነው። ለአረፋ ባዶ እጁን የሚገባ ልጅ ደግሞ እዚህ አገር ወሬ አያልቅበትም። ሰይዶ ከዚያ ወዲህ ካፖርቱን አላወለቀም። ሰሞኑንማ ራሴን አመመኝ፣ በረደኝ እያለ ተኝቶበታል። ከድጄ ልጠበው ስትለው፣ አዲስ ዕቃ ይታጠባል ወይ ብሎ ተቆጥቷታል።

ማዕዶት ሸምሶን አስጠራችው።

«መታኸው?»

«ወላሂ አልነካሁትም።»

«ተጣልታችኋል።»

«ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጣላ ነው የኖርነው። እስካሁን ማን ሞተ?»

«ስምህን እየጠራ ነው።»

ሸምሶ አንገቱን ደፋ። «ሲያመው ሁሌም የሚጠራው እኔን ነው» አለ።

ሆስፒታል ሄዳ ነጠብጣቡን በቅርብ አየችው። እብጠት የለም። ቆዳው አልተላጠም። ፊቱ ንጹሕ ነው። ተናዶ የሚማታ ሰው ፊት ይምራል እንዴ? ሰውነቱ ደግሞ ይፋጃል። መርዝ ይሆን? ከድጄን ስለ ራቱ ጠየቀቻት። ሁሉም ከአንድ ሳህን ነው የበሉት።

በማግስቱ ጠዋት ተረኛው ፖሊስ ይትባረክ አንገቱን ሲያክ አገኘችው።

«ካፖርቱን ለብሰኸዋል?»

ይትባረክ እጁን ከአንገቱ ላይ አወረደ። ጥር ነው፤ ይበርዳል። ማስረጃው ደግሞ ይሞቃል።

ማዕዶት ኮሌታውን ገለበጠች። ስፌቱ ውስጥ ቅማል ሰልፍ ይዟል።

ሰይዶን የሚያክመው ዶክተር ዓለምዘውድ ይህን ሲሰማ ጥርጣሬው አለቀለት። ታይፈስ ነው።

«የደም ሥር ከውስጥ ስስ ሽፋን አለው» አላት። «ደሙን አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው። በቅማል የሚመጣው ተሕዋስ እዚያ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ያቆስለዋል። ደሙ ቆዳው ሥር የፈሰሰው ለዚህ ነው። የሚያስቃዠውም፣ በሌሊት ጓሮ ያወጣውም ትኩሳቱ ነው።»

«ስለዚህ የመታው ሰው የለም?»

«የተመታው ከውስጥ ነው። መድኃኒቱን አሁኑኑ ከጀመረ ይድናል።»

ማዕዶት ትንፋሿን ለቀቀች። ግን አንድ ነገር ቀርቷታል። አዲስ ልብስ ከፋብሪካ ቅማል ይዞ አይወጣም።

ሙንታሲር አባቱን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ሲደርስ ካፖርቱ ፊቱ ተቀመጠ።

«ከየት ገዛኸው?»

«ከመርካቶ። አዲስ ነው።»

«እንግዲያው ልበሰው።»

አልለበሰውም። ላብ ብቻ አጠመቀው። ከዚያ ተናዘዘ። ሥራ ጠፍቶበት ነበር። ካፖርቱን አብሮት ከሚያድር፣ ትኩሳት ከያዘው ልጅ ላይ በርካሽ ገዝቶ፣ ላስቲኩን ከቡቲክ ለምኖ ጠቀለለው። ሰው ፊት አባቱ እንዳያፍር ብሎ ነው። ማዕዶት አብሮት የሚያድረው ልጅም እንዲታከም አዲስ አበባ ደወለች። ይትባረክን ከነዩኒፎርሙ ወደ ሐኪም ሰደደችው። ካፖርቱ ተቃጠለ፤ የቤቱ ልብስ ሁሉ በበርሜል ተቀቀለ።

የሰይዶ ትኩሳት ሲወርድ፣ ከእስር የተፈታው ሸምሶ አልጋው አጠገብ ነበር።

«ማነው የደበደበኝ?» አለ ሰይዶ።

«ቅማል።»

«አልሃምዱሊላህ። አንተ መስለኸኝ ነበር።»

ሸምሶ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው። ሰይዶ የጋቢውን ጠርዝ አንስቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ጥለቱን በጣቱ እየገለጠ ይፈትሽ ጀመር።

በሩ ላይ የቆመችው ማዕዶት የወሩን ፈገግታዋን አወጣች።