የጥዱ ቆሌ አባት

የደን ዘበኛው ዱጋሳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ፤ በ1996 ዓ.ም.፣ በግንቦት፣ ማክሰኞ ጠዋት። ኢንስፔክተር መሠረት ስትደርስ ሠፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ቆሌው ነው የበላው!»

«ቆሌ ማጅራት የሚመታው በመጥረቢያ ጀርባ ነው?» አለች በንዴት።

ሰዉን አርቃ ከረዳቷ ፖሊስ ጋር ሬሳውን ገለበጠችው። አፉ በለጋ የጥድ ቅጠል ተጠቅጥቋል። አንገቱ ላይ የፊሽካው ክር ተበጥሶ ቀርቷል። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፣ አንድም ጥድ የለም። ፊቱን ሸፈነችና «ያየነውን ለማንም እንዳትተነፍስ» አለችው።

ሬሳውን ያገኘችው እንጨት ለቃሚዋ በለጡ እጇን በካቴና ታስራ ቆማለች። ያሳሰራት የጥበቃው አለቃ ወንደሰን ነው።

«ትናንት ዱጋሳ ገመዷን ቀምቷት ሲሰዳደቡ ነበር። ቆሌው ካልሆነ እሷ ናት።»

«እኔ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ ከዚያ ሮጥኩ» አለች በለጡ። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል። «እህቴ፣ የሚጠባ ልጅ ጎረቤት ትቻለሁ። ካሰርሽኝ ማን ያጠባልኛል?»

«ቆሌው ምን ያደርጋል ይባላል?» አለቻት መሠረት።

«ጥዶቹ ሥር ያለፈችን ሴት በገዛ ገመዷ ያንቃል። አባባ ኃይለ መስቀል ናቸው የነገሩን። ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ ወጥተን አናውቅም።»

መሠረት ወደ ወንደሰን ዞረች። «እርስዎስ?»

«የድሮ ሰዎች ሲሉ ነው እንግዲህ። ዛፉን የደፈረ ሰው አፉን በጥድ ቅጠል ተጠቅጥቆ ይገኛል ይላሉ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አላምንም። ግን የሕዝብን እምነት መናቅ ጥሩ አይደለም።»

ደሟ ፈላ። ለሕዝብ እምነት እንዲህ የሚቆረቆር ሹም ባየች ቁጥር ቤቱን መፈተሽ ያምራታል።

ዳገቱን ወጣች። ከላይ፣ ጥዶቹ መሐል፣ በአፈር የተሸፈኑ አሥራ አንድ ትኩስ ጉቶዎች አገኘች። ወርዳ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ሁሉም ቆሌውን የሰሙት ከአንድ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጉቶዎቹ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ አባባ ኃይለ መስቀል በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

«አባባ፣ ይህን ቆሌ ማን ወለደው?»

ሽማግሌው ወደ ጉቶዎቹ እያዩ መለሱ። «እኔ። ስምንት ዓመቱ ነው። ጥዱ ሊያልቅ ሆነ፤ ብጮህ የሚሰማኝ ሹም ጠፋ። ሕግ ያልፈራ ቆሌ ይፈራል ብዬ ነው።»

«ለሴቶቹ ምን አሏቸው?»

«ገመድ።»

«ለከሰል አክሳዮቹስ?»

«እሳታችሁን በራሳችሁ ላይ ይመልሰዋል አልኩ። ሁሉንም በእጁ በያዘው ነው ያስፈራራሁት።»

«ቅጠሉንስ?»

«ለአንድ ሰው ብቻ። ባለፈው ወር ጥድ ጥሎ ቅጠሉን ሲመለምል ደረስኩበት። እዚያው፣ ቆሌው አፍህን በዚሁ ቅጠል ይጠቀጥቀዋል ብዬ ፈጠርኩለት።» ዓይናቸው ወንደሰን ላይ አረፈ።

«ተረት ማስረጃ ሆነ እንዴ!» ሳቀ ወንደሰን።

«ብቻውንማ አይሆንም። ግን የዱጋሳ አፍ በጥድ ቅጠል ተሞልቷል። ይህን ያየነው እኔና ረዳቴ ነን፤ ሌላው የሚያውቅ የሞላው ሰው ነው። ዱጋሳ እዚህ ሲቆርጡ ያዘዎት። መቱት፣ አፉን እዚሁ ጠቀጠቁ፣ ከዚያ ጉቶዎቹ እንዳይታዩ ሬሳውን ወደ ባሕር ዛፉ አወረዱት። ሠፈሩ ሁሉ የሰማው አንተ የሰማኸውን መሰለህ፣ አይደል?» አክብሮቱ ከአፏ ሳይታወቃት ወደቀ። «ፊሽካውንም ረዳቴ ከፒክአፕህ ወንበር ሥር አሁን አውጥቶታል።»

የወንደሰን ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከበለጡ እጅ የተፈታው ካቴና እሱ እጅ ላይ ገባ። በለጡ ምስጋና እንኳ ሳትል ቁልቁል ወደ ልጇ ሮጠች።

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «ዱጋሳን ያስገደልኩት እኔ ነኝ?»

ልታጽናናቸው ፈለገች፤ ንዴቷ ቀደማት። «ሴቶቹ በየቀኑ እዚህ ቢወጡ ኖሮ ማን ደፍሮ ይቆርጥ ነበር? ቆሌዎ ያባረረው ምስክሩን ነው፤ ሌባውን አይደለም።»

ሽማግሌው አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጡ።

ቅዳሜ መሠረት ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ፣ ሻጯ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማች።

«የእንጦጦውን አልሰማሽም? አንድ የሞተ ዘበኛ ጥዶቹ መሐል ፊሽካ ይነፋል አሉ። የሰማው ሰው አያድርም።»

«ማን ነገረሽ?» አለች መሠረት።

ሴትየዋ በመገረም ቀና ብላ አየቻት።

«የድሮ ሰዎች ሲሉ ነው እንግዲህ።»