ሁለተኛው ሰው አልፈቀደም

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው። እኔ የምጽፈው የደረሰብኝን ነው።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

ሻንጣዬን በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ቤቱን ለቅቄ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው። ባለቤቴ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል... ብቻዬን መኖሩ በቃኝ።

ልጄ ኢንተርኔት ላይ ያየችውን ሁሉ ትገዛለች። አንዴ በጭብጨባ የሚበራ መብራት አመጣችልኝ። ባስነጠስኩ ቁጥር ይበራ ነበር።

ኋላ ደግሞ የሚናገር ቁልፍ በሩ ላይ አስተከለች። ቤተሰቡ በሙሉ ሲገባ በራሱ ይቆልፋል። «ክፈት» ሲሉት ይከፍታል።

የተከለው ባለሙያ «አባት፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚኖረው?» አለኝ።

«ሁለት» አልኩት።

አፌ ለምዶብኝ ነው። ያኔ ባለቤቴ ከሞተች ገና ሦስት ወሯ ነበር። እንግዳ ሰው ፊት ማረሙ ከበደኝና ዝም አልኩ።

ስለዚህ ቁልፉ አንድም ቀን በራሱ ቆልፎ አያውቅም። ሁለተኛውን ሰው ይጠብቃል። የምቆልፈው በእጄ ነበር።

የዚያን ቀን ግን ሻንጣውን አስቀምጬ ቀና ስል... ቀጭ አለ።

«ሁለታችሁም ገብታችኋል። በሩ ተቆልፏል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

«ክፈት» አልኩት።

«ሁለተኛው ሰው አልፈቀደም።»

ልጄ ጋ ደወልኩ።

«ደረስኩ እኮ አባባ። ታክሲ ውስጥ ነኝ። ምነው?»

«በሩ አልከፈት አለኝ። ሁለተኛው ሰው አልፈቀደም ይለኛል።»

«እንዲህ የሚል ነገር የለውም።»

«አለኝ እያልኩሽ።»

«ቆይ ልየው» አለች። ቁልፉ ቤት ውስጥ ማን የት እንዳለ ስልኳ ላይ ይነግራታል።

«አባባ... ሳሎን ነህ?»

«አዎ።»

«መኝታ ቤት ያለውስ ማነው?»

«ማንም የለም።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል ይላል... አሁን ተነሣ።»

መኝታ ቤቱ በኩል አላየሁም።

መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለው። ከግድግዳው ጋር ያሰርኩት እኔው ነኝ። ያሰርኩትን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ አይነቀልም።

በር ግን ሌላ ነው። አናጺ ነኝ፤ አርባ ዓመት በር ሠርቻለሁ። ቁልፉ እንቢ ያለውን በር በማጠፊያው በኩል ነው የምንከፍተው። ሦስት ማጠፊያ፣ ማጠፊያዎቹን አጋጥመው የሚይዙ ሦስት የብረት ፒን።

መዶሻና ምስማር አነሣሁ። ፒኖቹን ከታች እየመታሁ ወደ ላይ አወጣኋቸው። ሦስቱንም መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርኳቸው። የቀረኝ በሩን ከመቃኑ ፈልቅቆ ማንሣት ነው።

መፈልቀቂያው ብረት ኩሽና ነው። ልወስደው ገባሁ።

ከሳሎን ድምፅ መጣ።

ጠቅ...

ጠቅ...

ጠቅ።

ብረቱን ይዤ ቆምኩ።

«አባባ፣ መጣሁ» አለች ልጄ ከውጭ። «ልከፍተው ነው።»

«ቆይ። ማጠፊያውን ነቅያለሁ። በሩ ይወድቅብሻል።»

ሮጬ ስደርስ ከፍታው ነበር።

በሩ አልወደቀም። እንደ ወትሮው፣ ሲጥ ሳይል ተከፈተ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አላት ቁልፉ። «አሁን ሦስት ናችሁ።»

ልጄ ሻንጣውን ብድግ አድርጋ ክንዴን ያዘች።

«ወደ ኋላ አትይ አባባ። ና ዝም ብለህ።»

ወደ ኋላ አላየሁም። ማጠፊያውን ግን ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም።

መስኮቱ ደፍ ላይ ፒን የለም። ሦስቱም ማጠፊያው ውስጥ ናቸው።

ፒን ከላይ ወደ ታች ነው የሚገባው። ከታች የገባ ፒን በገዛ ክብደቱ ይወድቃል፤ ይህን ማንም አናጺ ያውቀዋል።

ሦስቱም ከታች ነው የገቡት። አናታቸው ወደ ወለሉ ተዘቅዝቋል።

አንዱን በጣቴ ይዤ ሳብኩት። ጥቂት ወረደልኝ...

ከዚያ ከጣቶቼ መሃል፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ ተመለሰ።