አዲሱ ላይ ቅጂ

«ይኸው! ደግሞ ቆመ!» አለች ሎሚ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች።

እውነቷን ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይዋ መኪና ከድልድዩ ጫፍ ዘልላ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀርታለች። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ድንገት ማዶ ተገኘች። እንዴት እንደተሻገረች የሚያውቅ የለም። ሲጫወቱት ምንም ያልነበረው ጌም፣ የተቀዳውን መልሰው ሲያዩት ይንተባተባል።

«ቅዳሜ ይሄን ብናስገባ ክፍሉ በሙሉ ነው የሚስቅብን» አለችና ፊቷ ተኮማተረ። ሎሚ የተባለችውም በዚህ ፊቷ ነው። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ውድድር አዘጋጅቷል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወታሉ፣ ሃያ ደቂቃ ቀድተው ያስገባሉ። የሚቆራረጥ ቪዲዮ አይታይም ተብሏል። ሎሚ ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

አጠገቧ የተቀመጠችው የኮምፒውተሩ ባለቤት ዳኛ ነች። ይህን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ጌም በጨረሰ ቁጥር ወደ እሷ ዞሮ «አሸነፍኩ አላሸነፍኩም? ዳኛ ትፍረድ!» ይላል። እሷም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስትፈርድ ኖራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ላይ።

ኮምፒውተሩን ለሁለት ተሸክመው መንገድ ማዶ ወዳለው ጥገና ቤት ወሰዱት። ሰፈሩ ባለሙያውን ኢንጂነር ይለዋል። ሎሚ ስልክ ተደውሎላት ደጅ ቀረች። ኢንጂነሩ ክዳኑን ፈታ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ አንዴ አየና ገባው።

«ጌሙም ቪዲዮውም አንድ ዲስክ ላይ ነው ያሉት። ዲስኩ ጌሙን ያነባል፣ በዚያው ቅጽበት ቪዲዮውን ይጽፋል። ሰው እየበላ ሲዘፍን ማለት ነው፤ ትን ይለዋል። ጌሙ ለብቻው፣ የምትቀጂው ለብቻው መሆን አለበት። ይሄ ሁለተኛው ምንድን ነው?»

«እሱ ሙሉ ነው፣ ጋሼ።»

ሁለተኛው ትልቁ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን አበራና ጆሮውን አስጠጋ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ምን አለበት?»

«ወንድሜ» አለች ዳኛ። አነጋገሯ ለራሷም አስደነገጣት። «የወንድሜ ቪዲዮዎች ማለቴ ነው።»

ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አያት፤ ማን እንደሆነች ያኔ ገባው። ያንን ዲስክ ለወንድሟ የገጠመለት ራሱ ነበር።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ቪዲዮ ነው። እያንዳንዱ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ነገር ነው። ወንድሟ ማይኩን ያስተካክልና «ዳኛ፣ እየቀዳ ነው?» ይላል፤ እሷ «እየቀዳ ነው!» ትላለች። ያን ጊዜ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚመጣው። እናታቸው ሳሎን ልብስ መስፊያዋ ላይ ሆና «ቀዳ» የሚል ቃል ከሰማች ነገሩ ሁሉ ውሃ ይመስላታል። «ከቀዳችሁ የበርሜሉን ክዳን መልሱ!» ትላለች። ከዚያ ሁለቱ እስኪያማቸው ይስቃሉ። ይህ ሁሉ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ሳይቀር፣ እዚያ ዲስክ ውስጥ አለ።

ወንድሟ ለምርመራ ብሎ ሆስፒታል ገባ። በዘጠነኛው ቀን እናቷ ብቻዋን ተመለሰች። ይኸው አሥራ አንድ ወር ሆነ። አንድ ቀን ዳኛ አንዱን ቪዲዮ ልታሰማት ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት። «አሁን አልችልም» አለች። «ስችል እኔው እጠይቅሻለሁ። እስከዚያ አደራ፣ አስቀምጪልኝ።»

ዳኛ ከቦርሳዋ አጎቷ የሰጣትን አዲስ ዲስክ አወጣች። ኢንጂነሩ ከአሮጌው ጋር አስተያየው።

«መጠናቸው እኩል ነው። ወይ የእሱን ታስገቢበታለሽ፣ ወይ የራሳችሁን ትቀጂበታለሽ፤ ሁለቱን አይችልም። ምርጫው ያንቺ ነው። ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ የእሱን እቀዳለሁ። ይሄ ድምፁ ደስ አይልም። አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ነገውኑ ጀምሪው። እስከዚያ አትነካኪው።»

ዳኛ ወዲያው ወሰነች፤ ለዚህ ማሰብም አላስፈለጋት። ያቃታት ለሎሚ መንገሩ ነው። ሎሚ ስልኳን ዘግታ ስትገባ አዲሱ ዲስክ ሲገጠም አየችና ሱቁ መሃል ዘለለች። «ተገላገልን! አሁን ማን ይችለናል!» እያለች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ወር ሙሉ የደከመችበትን ነገር እዚያው አፍርሶ መናገር ከባድ ነው። ዳኛ ነገ እነግራታለሁ አለች በሆዷ።

በነጋታው ግን የሒሳብ አስተማሪያቸው ያመለጠሽን ፈተና ካልወሰድሽ ብለው ከክፍል አላስወጣ አሏት። አምስት ስድስት ሰዓት የሚለው የኢንጂነሩ ቃል ጆሮዋ ላይ አለ። ዴስኳ ሥር ሆና ለሎሚ ጻፈች፦ «እኔ እቆያለሁ። ቤት ግቢና አዲሱ ላይ ቅጂ። ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ እንዳታቋርጪው።»

ሎሚም ወዲያው መለሰች፦ «አታስቢ! እንደ ጉድ ነው የምቀዳው!»

ዳኛ ቤት ስትደርስ እናቷ የዩኒፎርም ኮሌታ ትሰፋለች። «ጓደኛሽ ውስጥ ነች። ስትጮህ ቆይታ አሁን ዝም ብላለች፤ ምግብም እንቢ አለችኝ» አለቻት።

ሎሚ አልጋው ጫፍ ላይ እጇን ጉልበቶቿ መሃል ከትታ ተቀምጣለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ቀዳሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። አንድም ቦታ አልቆመም። ከዚያ…»

«ምኑን ነው የቀዳሽው?»

«ጌሙን ነዋ! ቅጂ አላልሽኝም እንዴ?»

ዳኛ ስልኳን አውጥታ የጻፈችውን አነበበች። ቅጂ ይላል። ምኑን እንደሆነ አይልም። ስትጽፈው ከዚያ በላይ ግልጽ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈተች። አሮጌው ዲስክ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። አጥፍታ አበራችው፤ የለም። ጆሮዋን አስጠጋች። ቀጭታውም ቆሟል።

ዲስኩን በሹራቧ ጠቅልላ እየሮጠች ወደ ኢንጂነሩ ሄደች። ኢንጂነሩ ሌላ ገመድ ሞከረ፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞከረ። በመጨረሻ ዲስኩን መዳፉ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ አወዛወዘው። ከውስጡ የላላ ነገር ድምፅ ተሰማ። «የሚያነበው ክፍል ወድቆ ቪዲዮዎቹ ያሉበትን ሰሃን ፍቆታል» አለ። «አይመለስም፣ የኔ ልጅ። በጣም አዝናለሁ።» ዳኛ እዚያው የደንበኞች ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱም የያዘውን ሥራ ትቶ እስክትጨርስ ጠበቃት።

ስትመለስ ሎሚ ከክፍሉ አልተንቀሳቀሰችም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች ገና ስታያት። «ድልድዩን ማለፍ አቃተኝ። እሱ እንዴት እንዳለፈው ልይ ብዬ ከአሮጌው አንዱን ቪዲዮ ከፈትኩ። በመሃል ቆመ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ስሚ፣ ለእማማ ኢንጂነሩ አበላሸው እንበላቸው። ወይም ምንም አንበል። ስችል እጠይቅሻለሁ አይደል ያሉሽ? ምናልባት ጭራሽ ላይጠይቁ ይችላሉ።»

ዳኛ ነገሩን አሰበችው። እናቷ ካልጠየቀች ማንም አያውቅም። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ እናቷ ድምፁ አለ ብላ እያመነች ልትኖር ትችላለች። ክፋቱ፣ ሐሳቡ ለአፍታ ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣባት።

«የእሱን ቪዲዮ ስትከፍቺ የኛን መቅጃ አጥፍተሽው ነበር?»

«አላጠፋሁትም። እንዳታቋርጪ ብለሽኝ የለ? እሷን ቦታ በኋላ ቆርጬ ላወጣት ነበር።» ሎሚ ይህን እንዳለች አፏን በእጇ ያዘች።

አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውን ቪዲዮ ከፍተው ወደ መጨረሻው ሄዱ። ቀይዋ መኪና ገደል ገባች፤ ሎሚ ተራገመች። ስክሪኑ ተቀየረና ሌላ መስኮት ተከፈተ።

«ዳኛ፣ እየቀዳ ነው?»

«እየቀዳ ነው!» የእሷው ድምፅ ነው፤ የትንሽ ልጅ ድምፅ። ከኋላ የስፌት መኪናው ይንቋቋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል።

«ከቀዳችሁ የበርሜሉን ክዳን መልሱ!»

«እማዬ፣ ይሄኛው ክዳን የለውም! ቢፈስም አይጎድልም!» አለ ወንድሟ፤ ከዚያም ሳቁ መጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣው ያ ሳቁ። እየሳቀ ድልድዩን አለፈ። ገና «አሸነፍኩ አላሸ…» እያለ ምስሉ ቆመ። ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ የተረፈው ይኸው ነው።

ከዚያ ዳኛ ያችን ቦታ ወደ ስልኳ ቀዳች፤ ደርሶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ከፍታ አረጋገጠች።

«ለክበቡ የምታስገቢውን ቆርጠሽ አውጪ» አለች። «ዋናውን እንዳትነኪው።»

«እማማ ጋ ልትገቢ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ልትያቸው ነው? አብሬሽ ልግባ። እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኢንጂነሩ ምን እንዳለኝ ትናንት አልነገርኩሽም» አለች ዳኛ። «አንቺ ምን ታደርጊ? እዚህ ጠብቂኝ።»

ሳሎን ገብታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆመች። እናቷ ኮሌታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል «ፈተናው እንዴት ነበር?» አለች።

«እማዬ፣ አደራሽን አልጠበቅኩትም» አለች ዳኛ።

እናቷ ቀና ብላ ፊቷን አየች፤ ከዚያ በእጇ የጨበጠችውን ስልክ አየች። እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። መኪናው ቆመ። ኮሌታውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ዳኛ የምትቀመጥበትን ወንበር በእግሯ ሳብ አደረገች።