የጎደለው በግራ በኩል ነው

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ምንም ከመንካቱ በፊት፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ ጥቁር ማሽን ተቀምጧል። ሆዱ ውስጥ የተጣመሩ ሁለት ዲስኮች አሉ። አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላው ላይም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። በዲስኮቹ ላይ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ የደከሙባቸው አርባ አንድ አጫጭር ፊልሞች አሉ። የሚያስረክቧቸው ረቡዕ ነው። ማሽኑ ስለ ጥንዶቹ ሲጠየቅ [UU] ብሎ መለሰ። ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ ፊደል፤ ሁለቱም በእግራቸው ቆመዋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቦታ ያለው ዲስክ sdb ይባል ነበር፣ በሁለተኛው ቦታ ያለው sdc፤ በአጭሩ ቢ እና ሲ።

ይህን ሁሉ በመዝገብ ያሰፈረችው ልጅ ክፍል ውስጥ «ሚዛን» ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት የልብ ጓደኛዋ ናት፤ «ደረጃ ስትወጣ እንኳ ትቆጥራለች» ብላ። ሚዛንም በአጸፋው ጓደኛዋን «ጥድፊያ» አለቻት። ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን የምትጽፍ ልጅ ናትና ስሙ እዚያው ተጣበቀባት። የማሽኑን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የኮምፒውተር ክበብ አባላት የሆኑት ሁለቱ ልጆችና የክፍሉ ቴክኒሻን።

ቴክኒሻኑ ያን ዓርብ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዳቸው በፊት የዲስኮቹን ጤና መረመሩ። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሊነበቡ ያልቻሉ ስምንት ቦታዎች ተገኙ።

«መድከም ጀምሯል» አሉ። «አዲሱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ማክሰኞ ስመለስ እቀይረዋለሁ። እስከዚያ አትንኩት። አንቺ የደከመውን መዝግቢው፣ ጀርባው ላይ ባለው ቁጥር።»

ቁጥሩ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፣ አሥራ ሁለት የሚሞላ ነገር ነበር። ሚዛን በቀይ እስክሪብቶ «ሲ ደክሟል» ብላ ጻፈች። ገጹ ንጹሕ ሆኖ ታያት።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እንደ ልማዷ ማሽኑን ጠየቀች። ማሽኑ [_U] አላት።

በአንዱ ፊደል ቦታ ሰረዝ ገብቷል። አንድ ዲስክ ከጥንዱ ወጥቷል። መጀመሪያ የመጣላት የደከመው ለይቶለት ሞተ የሚለው ነው። ግን የሚሞት ዲስክ ዝም ብሎ አይሞትም፤ በማሽኑ ማስታወሻ ላይ የስሕተት መዓት ጽፎ ነው የሚሄደው። ማስታወሻውን ከላይ እስከ ታች አየችው። አንድም ስሕተት የለም። ያለው ሰኞ 15:40 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ከአርባ፣ ሰው በእጁ የጻፋቸው ሁለት ትእዛዞች ናቸው።

mdadm /dev/md0 --fail /dev/sdc
mdadm /dev/md0 --remove /dev/sdc

የመጀመሪያው ሲን እንደ ሞተ ቁጠረው ይላል፣ ሁለተኛው አስወጣው።

ሦስቱም የሚገቡት በአንድ መጠሪያ ስለሆነ ትእዛዙ የማን እንደሆነ አይናገርም። ሚዛን ግን ከትእዛዞቹ በላይና በታች ያለውን አየች፤ ምንም የለም። ቴክኒሻኑ ያስተማሯቸው «እይ፣ እዘዝ፣ እንደገና እይ» ብለው ነው። ይህ እጅ ከማዘዙ በፊትም ሆነ ካዘዘ በኋላ አላየም። ቴክኒሻኑ እንዲህ አያደርጉም። እሷ ራሷ ደግሞ ሰኞ በዚያ ሰዓት ጥርስ ሐኪም ቤት አፏን ከፍታ ተጋድማ ነበር፤ የግራ ጉንጯ እብጠት ገና አልጎደለም።

አንዲት ልጅ ቀረች።

ዓርብ ዕለት የተባለ ቀልድ ትዝ አላት። ጥድፊያ ፊልሟ ገና ግማሽ ላይ ነበር። «ይሄ ማሽን ድፍት ቢልልን እኮ አንድ ሳምንት ይጨመርልን ነበር» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። አሁን ሚዛን ያንን ሳቅ ወደ ኋላ ተመልሳ ስትሰማው አላማራትም።

በሩ ተከፈተና ጥድፊያ ገባች፤ የቦርሳዋ ዚፕ እንደ ወትሮው ክፍት ነው።

«አንቺ፣ በጠዋቱ ማን ሞቶብሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽው?»

«ትናንት ከሰዓት እዚህ ነበርሽ?»

«እኔ? ራሴን ፈልጦኝ ገና በስምንት ሰዓት ነው እኮ ቤቴ የገባሁት።»

«ማሽኑን የነካው ሰው አለ።»

«ጋሼ ይሆናሉ፣ ካሉበት ሆነው በኢንተርኔት ገብተው።»

«ጋሼ ሳያዩ አያዙም።»

«እንግዲያው ፖሊስ ጥሪያ» አለች ጥድፊያ፤ ወንበር ስባ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ሚዛን አንድ ነገር ልብ አለች። ማሽኑ ተነካ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ብሎ ነው። ጥድፊያ አልጠየቀችም።

ከዚህ በላይ አልተከራከረችም። ፋይሎቹን በተቀመጡበት ሰዓት ደረደረቻቸው። ከዘጠኝ ከአርባ በኋላ የተቀመጠ አንድ ፋይል ብቻ አለ። የጥድፊያ ፊልም፣ ሰኞ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ስክሪኑን ወደ ጓደኛዋ አዞረችው።

«ራስ ምታትሽ ፊልም ኤዲት ያደርጋል እንዴ?»

ጥድፊያ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ጫማዋን።

«እሺ፣ እኔ ነኝ። ግን እንዳሰብሽው አይደለም።»

«ምን እንዳሰብኩ በምን አወቅሽ?»

«ክፉ ስታስቢ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ።» ድምፅዋ ወረደ። «መዝገብሽ ላይ ሲ ደክሟል ይላል፣ ያውም በቀይ። ጋሼ ሳይመጡ ቀይሬ ላስደንቃቸው ብዬ ነው። አስወጣሁት። ከዚያ አዲሱን ላመጣ ስሄድ ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል።»

«መጀመሪያ አስወጣሽ፣ ከዚያ ቁልፍ ፈለግሽ?»

«እንዲህ ስትይው ያስቃል።»

«አያስቅም።»

ሚዛን የሰማችውን መዘነችው። ማሽኑ እንዲሞት የፈለገ ሰው በዚያው ማሽን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ ፊልሙን አይጨርስም። ይህ ለጥድፊያ የሚቆጠር ነው። ያ የራስ ምታት ውሸት ግን ነበረ፤ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ ነው የተናገረችው። ሚዛን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ የትኛው እንደሚከብድ ልታውቅ አልቻለችም።

«በናትሽ» አለች ጥድፊያ ወንበሯን እያስጠጋች፣ «ጋሼ የሚደርሱት አራት ሰዓት ላይ ነው። አንድ መስመር እኮ ናት። መልሰሽ አስገቢው፤ ከቆመው ላይ እየገለበጠ ራሱ ይሞላዋል። ተመልሶ [UU] ይላል። ማን ያውቃል?»

«ማስታወሻው ያውቃል።»

«ሁሉም እንደነበረ ከሆነ ማን ማስታወሻ ያነባል? ካንቺ በቀር። ካወቁብኝ ከክበቡ ነው የሚያስወጡኝ፤ ይለፍ ቃሉን ሲሰጡን ያሉትን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። «ሳልፈቅድ የነካ፣ ከዚህ ክፍል ይሰናበታል» ነው ያሉት። ያለ ጥድፊያ ይህ ክፍል ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከረች፤ ጸጥታው ብቻ ታያት። እጇ ወደ ቁልፎቹ ሄደ። ሲን የሚመልሰውን መስመር እስከ መጨረሻው ጻፈችና ጣቷን ማስገቢያው ቁልፍ ላይ አሳረፈች።

«ጫኛት» አለች ጥድፊያ።

ሚዛን ከማዘዟ በፊት ማየት ለምዶባታል። መዝገቡን ገለጠች። የዓርቡ ገጽ፦ መጀመሪያ ቢ፣ ሁለተኛ ሲ። የደከመው ሁለተኛው ነው፤ በስክሪኑ ላይ በቀኝ የሚታየው። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። [_U]።

የጎደለው በግራ በኩል ነው።

ጣቷን አነሳች።

«ምን ሆንሽ?»

«ቆይ።»

ዲስክ በጥንዱ ውስጥ ያለው ቦታ አይለወጥም። ቢና ሲ የሚሉትን ስሞች ግን ማሽኑ በነቃ ቁጥር እንደ አዲስ ያድላል፤ ቀድሞ «አቤት» ላለው የቀደመውን ፊደል። ማሽኑ ከነቃ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቀች። አንድ ቀን ከአሥራ ስምንት ሰዓት። ወደ ኋላ ቆጠረች፤ እሑድ ስምንት ሰዓት ገደማ። እሑድ ከምሳ በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቤታቸው ቴሌቪዥኑ ራሱን መክፈቱ ትዝ አላት። ማሽኑም ያኔ ጠፍቶ ነቅቷል። ስሞቹ ቦታ ተለዋውጠዋል።

የሁለቱንም ጤና ለየብቻ ጠየቀች። ዛሬ ሲ የሚባለው፣ የተባረረው፣ የማይነበብ ቦታ ዜሮ። ዛሬ ቢ የሚባለው፣ አርባ አንዱን ፊልም ብቻውን ተሸክሞ የቆመው፣ ሃያ አራት። ዓርብ ስምንት ነበር።

«ያስወጣሽው ደህናውን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይህችን ብጫን ኖሮ ማሽኑ ከሚሞተው እየገለበጠ ደህናው ላይ ይጽፍበት ነበር።»

ጥድፊያ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ጣቷን በመዝገቡ ላይ አደረገች።

«ግን እኮ ሲ ነው የሚለው።»

ለመክሰስ ብላ አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው። ሚዛን የራሷን ቀይ ጽሑፍ አነበበችው። ጀርባው ላይ ባለው ቁጥር ነበር የተባለችው። ቁጥሩ መብራት ሄደ መጣ አይለወጥም። ጠዋቱን ሙሉ የጓደኛዋን እጅ ስትመረምር፣ የራሷን እጅ አንዴም አልጠረጠረችውም።

መዝገቡ በሽቦ የተጠረዘ ነው። አንድ ገጽ ቢቀደድ ምልክት አይተውም። ይህንንም ልብ አለች፤ ልብ በማለቷም ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

የጻፈችውን መስመር ከመጨረሻው ጀምራ ፊደል በፊደል አጠፋችው። በሩን ቆለፈች። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ጋሼ፣ ደህናው ዲስክ ከጥንዱ ወጥቷል። የቆመው የደከመው ነው፤ ሃያ አራት ደርሷል።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«አሁን የሚጽፍበት ሰው አለ?» አሉ።

«የለም፤ በሩን ቆልፌዋለሁ።»

«ጥሩ። ምንም አትንኩ፤ እየደረስኩ ነው። ማነው ያስወጣው?»

ሚዛን ጥድፊያን አየቻት። ጥድፊያም ታያታለች።

«መዝገቡ ላይ ያገኙታል፣ ጋሼ።»

ስልኩን ዘጋችና የማክሰኞን ገጽ ከፈተች። «ምክንያት» በሚለው ሥር እንዲህ ጻፈች፦ «ዓርብ፣ የደከመውን ዲስክ በቁጥሩ መመዝገብ ሲገባኝ በስሙ መዘገብኩ።» ፈረመችበት። ከፊርማዋ በታች አንድ መስመር ባዶ ትታ መዝገቡንና እስክሪብቶውን ወደ ጓደኛዋ ገፋችው።

«ያንቺን በቀይ አልጻፍሽውም?» አለች ጥድፊያ፤ ለመሳቅ ሞክራ አልወጣላትም።

«ቀዩ አልቋል።»

ጥድፊያ የዓርቡን ገጽ አነበበች፤ ከዚያ የማክሰኞን። ሚዛን ጓደኛዋ ከመጻፏ በፊት አንድን ነገር እስከ መጨረሻው ስታነብ አይታ አታውቅም። እስክሪብቶው ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

ቴክኒሻኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ሁለቱንም መስመሮች ቆመው አነበቡ፤ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ። ጥንዱን ከደህናው ዲስክ አስነሡት፤ አዲሱን ዲስክ ከጎኑ አስገቡ። የደከመውን ለብቻው አውጥተው፣ ምንም ሳይጽፉበት፣ ሰኞ ደህናው ከወጣ በኋላ በእሱ ላይ ብቻ የተቀመጠውን የጥድፊያን ፊልም ሊያነቡ ሞከሩ። የአዲሱን ቁጥር ሚዛን አሥራ ሁለቱንም እየቆጠረች መዘገበች፤ ከዲስኩ ጀርባ እያነበበች የነገረቻት ጥድፊያ ናት፣ ቀስ ብላ።

መገልበጡ ሦስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ስምንት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ ማሽኑ [UU] አለ። አርባ ፊልሞች ሙሉ ነበሩ፤ ከጥድፊያ የአሥራ አራት ደቂቃ ፊልም የተረፈው አሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው።